«ቢ ማይ ቤቢ»፦ ስልሳ ዓመት የዘለቀው ተፅዕኖ የማን ነው?

ሮኔትስ የተባለው የሦስት ወጣት ሴቶች ቡድን በኦገስት 1963 ያወጣው «ቢ ማይ ቤቢ» የተሰኘ ነጠላ ዜማ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ እስከ 2ኛ፣ በብሪታንያ ደግሞ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጥቷል። በዚያ ዓመት አንደኛ የወጡ ብዙ ዘፈኖች ዛሬ ከሸክላ ሰብሳቢዎች በቀር አስታዋሽ የላቸውም፤ ይህኛው ግን በ1999 በግራሚ የዝና አዳራሽ ተመዘገበ፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ሆነ። ተፅዕኖው አያከራክርም። የሚያከራክረው ባለቤቱ ነው። የተለመደው የሙዚቃ ታሪክ መልስ ፕሮዲውሰሩን ፊል ስፔክተርን አንጋፋ አድርጎ ሌሎቹን ከሥሩ ይደረድራል። ይህ ዳሰሳ መልሱ ጎዶሎ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። የዘፈኑ ውርስ ወደ ኋለኞቹ ትውልዶች የተሻገረው በሦስት መንገድ ነው፤ በከበሮው ምት፣ በስቱዲዮው ድምፅና በዘፋኟ በሮኒ ቤኔት ድምፅ። የፊተኞቹን ሁለቱን ማንም ባለቤታቸውን ሳይጠይቅ ወስዷቸዋል። ሦስተኛውን የፈለገ ግን ዘፋኟን ራሷን መጥራት ነበረበት። የዘፈኑ ልብ የት እንደሆነ የሚጠቁመውም ይኸው ልዩነት ነው።

ዘፈኑ የተወለደበትን ዘመን ሳያዩ ነገሩን መፍረድ አይቻልም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች የሴት ልጆች ቡድኖች ተበራክተው ነበር፤ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ገና ትምህርት ቤት ያሉ ወይም በቅርቡ የጨረሱ ልጃገረዶች ነበሩ። ቻንቴልስ መንገዱን ጠረጉ፤ ሺሬልስ በ1961 መጀመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃ በመውጣት የመጀመሪያው የጥቁር ሴቶች ቡድን ሆኑ፤ ማርቬሌትስም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። አሠራሩ ግን ለዘፋኞቹ የሚያደላ አልነበረም። ግጥምና ዜማው በኒውዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና ባሉ ቢሮዎች በቅጥር ደራሲዎች ይዘጋጃል፣ ኩባንያው ስቱዲዮውን ይከራያል፣ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፣ ውሉን ደግሞ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ሮኔትስም የዚህ አሠራር ልጆች ናቸው። ቬሮኒካ (ሮኒ) እና ኤስቴል ቤኔት እህትማማቾች ሲሆኑ ኔድራ ታሊ የአክስታቸው ልጅ ነበረች፤ ሦስቱም ያደጉት በላይኛው ማንሃተን ነው። በታወቀው የአፖሎ ቲያትር ራሳቸውን ፈትነው፣ በፔፐርሚንት ላውንጅ የምሽት ክበብ ጨፍረው፣ ኮልፒክስ በተባለ ኩባንያ ያወጧቸው ሸክላዎች ሳይሸጡላቸው ቀርተው፣ በ1963 ወደ ስፔክተር ኩባንያ ወደ ፊሊስ ተዛወሩ።

በቀረጻው የተሳተፉት ሰዎች ብዛት ብቻውን የአንድ ሊቅ ሥራ የሚለውን ትረካ ያዳክመዋል። ዘፈኑን የደረሱት ባልና ሚስቱ ጄፍ ባሪና ኤሊ ግሪንዊች ከስፔክተር ጋር ሆነው ነው። ቅንብሩን የሠራው ጃክ ኒትሼ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ላሪ ሌቪን፣ ቦታው የሎስ አንጀለሱ ጎልድ ስታር ስቱዲዮ ነበር። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ በርካታ ጊታሮችና ፒያኖዎች አንዱን ዜማ በአንድ ላይ ይመታሉ፤ ድምፁ የገደል ማሚቶ እንዲሰጥ ተብሎ ወደ ተሠራ ባዶ ክፍል ይላካል፤ ከዚያ ተመልሶ ሁሉም በአንድ መስመር ይቀላቀላል። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ የማይለዩበት ይህ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ የድምፅ ግድግዳ የሚል ስም ወጥቶለታል። ከበሮ መቺው ሃል ብሌን ነበር። ከተቀባዮቹ መካከል ገና ስም ያላወጡት ሶኒ ቦኖና ሼር ይገኙበታል። ከሦስቱ የቡድኑ አባላት በዚህ ቅጂ ላይ ድምፅዋ ያለው የሮኒ ብቻ ነው። ሮኒ በ1990 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደጻፈችው፣ ክፍሉ ድምፅን ጥሩ አድርጎ ስለሚመልስ ልምምዷን ታደርግ የነበረው በስቱዲዮው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር። እንግዲህ አንድ ሸክላ ላይ የደራሲ፣ የአቀናባሪ፣ የመሐንዲስ፣ የመሣሪያ ተጫዋቾችና የዘፋኝ እጅ አለበት። ስፔክተር ሁሉንም አሰባስቧል፤ የማሰባሰብ ችሎታው ከፍተኛ መሆኑም አይካድም። ሆኖም የሰበሰበ ሁሉ ብቻውን ሠራ አይባልም።

የመጀመሪያው መንገድ የከበሮው ምት ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ሌላ መሣሪያ የለም፤ ትልቁ ከበሮ ዱም፣ ዱም-ዱም ይልና ስኔር የሚባለው ትንሹ ከበሮ ጧ ብሎ ይመልሳል። ብሌን እንደተናገረው ምቱ የመጣው በስህተት ነበር፤ መምታት የነበረበትን አንድ ምት ሳተ፣ ከዚያ ሆን ብሎ ያደረገው ይመስል እስከ መጨረሻው ቀጠለበት። በማግሥቱ ዓመት ፎር ሲዝንስ «ራግ ዶል» የተባለ ዘፈናቸውን በዚሁ አካሄድ ከፈቱ። ቢሊ ጆል በ1976 «ሴይ ጉድባይ ቱ ሆሊውድ» ላይ ተጠቀመበት። በ1985 የስኮትላንዱ ጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይን «ጀስት ላይክ ሃኒ» የተሰኘ ዘፈናቸውን በዚሁ ምት ጀመሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ባት ፎር ላሽስ የተባለችው እንግሊዛዊት ሙዚቀኛ ወደዚያው ተመለሰች። አንድ ምት በፖፕ፣ በሮክና ጊታርን በሚያስጮኸው የ1980ዎቹ ሙዚቃ መካከል እንዲህ መዘዋወሩ ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ ምቱ በ1963 አልተፈጠረም የሚል። እውነት ነው። ሥር መሠረቱ ባዮን ከሚባለው የብራዚል ስልት ጋር ይዛመዳል፤ ያንን ስልት ሊበርና ስቶለር የተባሉት ደራሲዎችና ፕሮዲውሰሮች ከአራት ዓመት በፊት ድሪፍተርስ ከተባለው ቡድን ጋር በሠሩት ሸክላ ወደ ኒውዮርክ ፖፕ አምጥተውታል። ነገር ግን ይህ ሐቅ ጥያቄውን ያጠራዋል እንጂ አይዘጋውም። ስልቱ ቀድሞ ከነበረና ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ሸክላ ከሆነ፣ ልዩ ያደረገው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሰጠን ራሱ ብሌን ነው። በ1966 ለፍራንክ ሲናትራ «ስትሬንጀርስ ኢን ዘ ናይት» ያንኑ ምት አለስልሶ እንደመታው ተናግሯል፤ ዘፈኑ እጅግ ቢታወቅም በከበሮው ግን የሚያነሳው የለም። በ«ቢ ማይ ቤቢ» ምቱ እርቃኑን ከፊት ተቀምጧል፤ ሰሚው ማን ሊመጣ ነው ብሎ ጆሮውን ያቀናል፤ የሚመጣውም የሮኒ ድምፅ ነው። ወደ መጨረሻው ሙዚቃው ድንገት ጸጥ ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲመለስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ድምፅዋ ተመልሶ እንዲመጣ ያስናፍቃል። ምቱ ዝናውን ያገኘው ካስተዋወቀው ድምፅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የስቱዲዮው ድምፅ ነው፤ የዚህም ታላቁ ወራሽ የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን ነው። ዘፈኑን መጀመሪያ በመኪና ሬዲዮ ሲሰማ ዳር ይዞ እንደቆመ፣ ከሁሉም የፖፕ ሸክላዎች የሚበልጠው ይህ እንደሆነ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ድረስ ሲናገር ኖሯል። በ1964 «ዶንት ዎሪ ቤቢ» የተባለውን ዘፈን የጻፈው ለዚህ መልስ እንዲሆን ነበር፤ ሮኔትስ እንዲዘፍኑት ቢያቀርብም ስፔክተር አልተቀበለውም። ዊልሰን በ1966 ለወጣው «ፔት ሳውንድስ» የተባለ አልበሙ ብሌንን ጨምሮ ከስፔክተር ጋር ይሠሩ የነበሩትን ብዙዎቹን ተጫዋቾች ቀጠረ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1975 «ቦርን ቱ ረን» ላይ ያንን ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ አሳደደ። ራሞንስ በ1980 ስፔክተርን ራሱን ፕሮዲውሰር አድርገው የሮኔትስን ሌላ ዘፈን ዳግመኛ ቀረጹ። ይህ ሁሉ የስፔክተርን ደጋፊዎች ክርክር የሚያጠናክር ይመስላል፤ የቀረጻ ስቱዲዮ ራሱን የቻለ የሙዚቃ መሣሪያ ነው የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ መሆኑም አያጠራጥርም። ይሁንና ይህ መንገድ በባሕርይው ለማንም ክፍት ነበር። ስቱዲዮው ይከራያል፣ ተጫዋቾቹ ይቀጠራሉ፣ የማሚቶው ክፍል እዚያው አለ። ዊልሰን ያሳየንም ይህን ነው፤ ስፔክተር ሳይኖር ድምፁን መልሶ መሥራትና ከዚያም አልፎ መሄድ ይቻላል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ የተለየ ጠባይ አለው። የሮኒ ድምፅ ከዘፋኙ ከፍራንኪ ላይመን የተማረችው የኒውዮርክ ጎዳና ቅላፄ አለበት፤ ሰፊና ተንቀጥቃጭ ነው፤ ቃል በሌለበት ቦታ በሚወጣው ርዝም ያለ ዜማ ደግሞ ከመቶ ድምፅ መካከል ይለያል። ይህን የፈለጉ ሙዚቀኞች ያደረጉትን እንመልከት። ኤዲ መኒ በ1986 «ቴክ ሚ ሆም ቱናይት» ሲሠራ የዚህን ዘፈን አዝማች በመሃል ማስገባት ፈለገ። የምትዘፍንለት ጎበዝ ሴት ማግኘት አያቅተውም ነበር፤ የተጠራችው ግን ራሷ ሮኒ ናት፤ ሸክላውም 4ኛ ደረጃ ወጣ። ከላይ የተጠቀሰውን የቢሊ ጆል ዘፈን በ1977 ከስፕሪንግስቲን ባንድ ጋር ሆና ራሷ ዘፈነችው። ጆይ ራሞን በ1999 ፕሮዲውሰር በሆነበት አነስተኛ አልበሟ ደግሞ ስፔክተር ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የከለከላትን «ዶንት ዎሪ ቤቢ»ን ቀረጸች፤ በዊልሰን የተጻፈው መልስ በመጨረሻ ወደ ተጻፈላት ሴት ደረሰ። ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 «ባክ ቱ ብላክ» በተሰኘው አልበሟ የሴት ቡድኖችን ዘመን ስታነሳ ከዜማው በተጨማሪ የሮኒን ከፍ ያለ የፀጉር አሠራርና የዓይን ኩል ጭምር ወስዳለች። ኤሚ በ2011 ስታርፍ ሮኒ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ለመታሰቢያዋ ዘፈነችው። የከበሮው ምት ሲወሰድ ብሌን አልተጠራም፤ የስቱዲዮው ድምፅ ሲወሰድ ስፔክተር ብዙ ጊዜ አልተጠራም፤ ሮኒ ግን በየአሥርት ዓመቱ ተጠርታለች።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችለው ከባዱ ተቃውሞ በስፔክተር አሠራር ዘፋኞች ተለዋዋጭ ነበሩ የሚለው ነው። ማስረጃውም ጠንካራ ነው። በ1962 በክሪስታልስ ስም ወጥቶ አንደኛ የሆነው «ሂዝ ኤ ሬብል» ላይ የምትዘፍነው ከቡድኑ ውጭ የሆነችው ዳርሊን ላቭ ናት፤ የክሪስታልስ ልጆች በስቱዲዮው አልነበሩም። በ«ቢ ማይ ቤቢ»ም ኤስቴልና ኔድራ ድምፃቸው የለም፤ ሰሚው ይህን አላወቀም፣ ገበያውም አልተጎዳም። ታዲያ ስሙ ከድምፁ ይበልጣል፣ ፕሮዲውሰሩም ከሁሉም ይበልጣል አይባልም? እኔ ከዚሁ ማስረጃ የማነበው ተቃራኒውን ነው። ስፔክተር ሁሉንም መለወጥ የሚችል ሰው ነበር፤ ሌሎቹን ሲለውጥ ሮኒን ግን ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ አስመጥቷል። በሎስ አንጀለስ ዳርሊን ላቭን የመሰለች፣ በድምፅ ኃይል ከማንም የማታንስ ዘፋኝ በእጁ ላይ ነበረች። ለዚህ ዘፈን እሷን አልመረጠም። የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው አንዷን አልለወጥም ካለ፣ ያቺ ሴት በቦታዋ ሌላ እንደማይተካት የመሰከረው እሱ ራሱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ዘፈኑን በሕይወት ያቆየው ሲኒማ ነው የሚል ነው። ማርቲን ስኮርሴሲ በ1973 «ሚን ስትሪትስ»ን የከፈተው በዚህ ዘፈን ነው፤ በ1987 ደግሞ «ደርቲ ዳንሲንግ» በዚሁ ይጀምራል። ፊልሞቹ አዲስ አድማጭ እንዳመጡለት ግልጽ ነው። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱም በአንድ መንገድ በተጠቀሙበት ነበር። ስኮርሴሲ የሚያሳየን በኃጢአቱ እንቅልፍ ያጣ የኒውዮርክ ወጣት ነው፤ ራሱን ወደ ትራሱ ሲጥል ምቱ ይገባል፣ ጣፋጩ ዘፈንም ከሚመጣው ደም መፋሰስ በፊት የጥፋት ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በሁለተኛው ፊልም ያው ዘፈን ተቃቅፈው የሚጨፍሩ ጥንዶችን ያጅባል፤ የአንዲት ልጃገረድ የመጀመሪያ ፍቅር ደጃፍ ነው። ስጋትንና ጉጉትን እኩል መሸከም የቻለው ድምፁ ሁለቱንም ስለያዘ ነው፤ የምትለምነው ሴት ልመናዋ ይሰምር አይሰምር አታውቅም።

ሲኒማው ሌላ ጥያቄም ይዞ መጣ፤ ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ሮኔትስ በ1963 የፈረሙት ውል የቅጂዎቹን ባለቤትነት ለኩባንያው ይሰጥ ነበር። ቡድኑ ያገኘው በጠቅላላው ወደ 15,000 ዶላር ገደማ ሲሆን ከዚያ በኋላ የሽያጭ ድርሻ ሳይከፈላቸው አሥርተ ዓመታት አለፉ። «ደርቲ ዳንሲንግ» በወጣ ማግሥት ክስ መሠረቱ፤ የሥር ፍርድ ቤት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈረደላቸው። በ2002 ግን የኒውዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን በከፊል ሻረ። ከሸክላ ሽያጭ ድርሻ ይገባቸዋል፤ ውሉ መብቱን ያለ ገደብ ስላስተላለፈ ግን ለፊልምና ለመሳሰለው ከሚሰጠው ፈቃድ የሚገኘው ገንዘብ የፕሮዲውሰሩ ነው አለ። ዳኞቹ የዘፋኞቹ ሁኔታ እንደሚያሳዝን ሳይክዱ የውል ሕግ ግን በሐዘኔታ አይተረጎምም ብለዋል። ውሳኔው ዛሬም ባለቤትነትን በሚመለከቱ የውል ክርክሮች ይጠቀሳል። በዚህም ዘፈኑ ከሙዚቃ ውጭ ሌላ ተፅዕኖ ትቷል። ፍርድ ቤቱ የወረቀቱን ባለቤት ለየ፤ ያ ሥራው ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ግን በወረቀቱ የመታሰር ግዴታ የለበትም። ስፔክተር የዘፈኑ ባለቤት የነበረበትን ምክንያት የዘፈኑ ፈጣሪ ከመሆኑ ጋር ስናደባልቅ የ1963ን ውል በብዕራችን ዳግመኛ እንፈርማለን።

ከግጥሙ አንፃር የሚቀርብ ትችትም አለ። አንዲት ልጅ የኔ ሁን እያለች ወንድ የምትማጸንበት ዘፈን ለሴቶች ምን ክብር አለው የሚሉ አሉ። ትችቱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የዘመኑ የሴት ቡድን ዘፈኖች ብዙዎቹ ዓለማቸው በአንድ ወንድ ዙሪያ ያጠነጠነ ነው። ነገር ግን እዚህ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ልብ ይሏል። ያየችው እሷ ናት፣ የመረጠችው እሷ ናት፣ ጥያቄውን የምታቀርበው እሷ ናት፤ ወንዱ በመላው ዘፈን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሱዛን ዳግላስ የተባለችው የመገናኛ ብዙኃን ምሁር በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ የሴት ቡድኖች ዘፈኖች ለአሜሪካ ልጃገረዶች ፍላጎታቸውን በአደባባይ የሚናገሩበትን ድምፅ እንደሰጡ ተከራክራለች። ሮኔትስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። በወፍራም ኩላቸውና በጠባብ ቀሚሳቸው የዘመኑ ጨዋ ልጃገረድ ከሚባለው መልክ ወጥተው፣ በዘር በተከፋፈለች አገር ቅይጥ ዘራቸውን ሳይሸሽጉ መድረክ ላይ ቆመዋል። በ1964 መጀመሪያ ብሪታንያን ሲዞሩ ሮሊንግ ስቶንስ ከእነሱ በታች ነበር የሚሠሩት።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሕሊና ነው። ሮኒ ስፔክተርን በ1968 አግብታ በ1972 ከቤቱ አመለጠች፤ ያሳለፈችውን እንግልትና እስር በሕይወት ታሪኳ ጽፋዋለች። ስፔክተር በ2003 ተዋናይት ላና ክላርክሰን በቤቱ ተተኩሶባት በመሞቷ በ2009 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት፣ በ2021 እስረኛ ሳለ ሞተ። እንዲህ ያለ ሰው የሠራውን ዘፈን ማወደስ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዘፈኑ የእሱ ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው መውጫ የለውም፤ ወይ ወንጀሉን ያቃልላል ወይ ዘፈኑን ይጥላል። የብዙዎች ሥራ መሆኑን ለተቀበለ ግን መልሱ ሌላ ነው። ዘፈኑን መጣል የግሪንዊችን፣ የብሌንን፣ ከሁሉ በላይ የሮኒን ሥራ በእሱ ጥፋት መቅጣት ይሆናል። ሮኒ ራሷ በ2022 በ78 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ዘፈኑን በየመድረኩ መዝፈኗን አልተወችም፤ የእሷ የሆነውን ለሌላ ሰው ጥፋት አሳልፋ አልሰጠችም።

ይህ ክርክር የራሱ ወሰን አለው። ድምፅዋን ማንሳት ሌሎቹን ለመጣል ሰበብ ከሆነ አንዱን የሊቅ ተረት በሌላ መተካት ነው። ኤስቴልና ኔድራ በዚህ ሸክላ ላይ ባይሰሙም የቡድኑን መልክ፣ ዳንስና የመድረክ ቅንጅት የፈጠሩት ከሮኒ ጋር ነው፤ በ2007 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገቡትም ሦስቱም ናቸው። ጥያቄው የሚዛን ነው። በአሜሪካ ሕግ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈን ሲያሰሙ ለደራሲው ይከፍላሉ፣ ለዘፋኙ ግን አይከፍሉም፤ ዘፋኝ ከሥራው የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ሐያሲ ስም ሲሰጥና ሲነፍግ የሚያደርገው ነገር ተራ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም። «ቢ ማይ ቤቢ»ን የስፔክተር ድንቅ ሥራ ብሎ ማለፍ ቀርቶ፣ ባሪና ግሪንዊች ከስፔክተር ጋር የደረሱት፣ ኒትሼ ያቀናበረው፣ ብሌን የመታው፣ ስፔክተር ያሰባሰበው፣ ሮኒ ቤኔትም የማይተካ ያደረገችው ዘፈን ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል፤ የተሠራውን ሥራና የሠሩትን ሰዎች የሚያህለው ግን እሱ ነው።